የሞተር ሙቀት ሲጨምር መጀመሪያ «መቼ?» ይበሉ

መኪና ሞቀ ሲባል የብዙ ሰው እጅ ወደ ውሃ ጀሪካኑ ይሄዳል። ውሃ ይጨመራል፣ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ትወርዳለች፣ ጉዞ ይቀጥላል። በነጋታውም ያው ነው። ሰንበትበት ሲል ጀሪካኑ ከኋላ ወንበር ስር ቋሚ ቦታ ያገኛል። ከዚያ አንድ ቀን ከኮፈኑ ስር ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎልና ነገሩ ከውሃ አልፎ የቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ጉዳይ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ መኪና የሚሞቀው መቼ ነው? ቆሞ ነው፣ እየሮጠ ነው፣ ዳገት ሲይዝ ነው ወይስ ገና ተነስቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው?

መካኒክ ዘንድ ሄደው «ይሞቅብኛል» ብቻ ካሉ መካኒኩ መገመት ይጀምራል። ግምቱ ብዙውን ጊዜ ከቴርሞስታት ይነሳና በውሃ ፓምፕ በኩል አድርጎ ራዲያተር ላይ ይደርሳል። ሦስቱም ተቀይረው መኪናው አሁንም ሊሞቅ ይችላል። «መቼ» የሚለው በደንብ ከተመለሰ ግን ከተጠርጣሪዎቹ አብዛኞቹ ገና ቁልፍ ሳይነሳ ነጻ ይወጣሉ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ሙቀቱ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሙቀቱ የሚሄድበት መንገድ

ሞተር ውስጥ የሚቃጠለው ነዳጅ ሁሉ ጎማ አያዞርም። በግርድፉ ሲሰላ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛው መኪናውን ይነዳል፤ ሌላው ሦስተኛ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረው ሦስተኛ ብረቱ ውስጥ ይገባል። ሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጁ በሚነድበት ቅጽበት የጋዙ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ፒስተኑና በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ላይ ያለው ቴስታታ የተሠሩበት አሉሚኒየም ደግሞ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። እንግዲህ ይህ ብረት ቀልጦ የማይፈስሰው በጀርባው የሚያልፈው ውሃ ሙቀቱን ያለ ዕረፍት ስለሚነጥቀው ብቻ ነው።

ውሃውን የሚገፋው ፓምፑ ነው። በሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ ዋና አካል) እና በቴስታታው ጉድጓዶች ውስጥ ያልፍና ቴርሞስታት የሚባለው በር ላይ ይደርሳል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ በሩ ዝግ ነው፤ ውሃው በአጭሩ መንገድ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ82 እስከ 92 ዲግሪ ባለው ቦታ ላይ ሲደርስ በሩ ይከፈትና ውሃው ወደ ራዲያተሩ ይወጣል። እዚያ በቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ በስሶቹ ቅጠሎች መሃል የሚነፍሰው አየር ሙቀቱን ይወስደዋል። መኪናው ሲሮጥ አየሩን የሚያመጣው ፍጥነቱ ነው፤ ሲቆም ግን ፋኑ ነው። ይህቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ከሁሉ የሚናቀው ዕቃ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳን ብቻ ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን በልክ የተሠራ ቫልቭ ነው። ውሃው ሲሞቅ ይሰፋል፤ ክዳኑም ግፊቱ ብዙ ጊዜ ወደ 1 ባር እስኪጠጋ ድረስ አፍኖ ይይዘዋል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ንጹሕ ውሃ በዚህ ግፊት ታፍኖ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ግማሽ በግማሽ ኩላንት (ለራዲያተር የተሠራ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲሆን ደግሞ ወደ 130 ይጠጋል። ክዳኑ ጎማው ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ግፊቱን መያዝ ካቃተው ይህ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል።

ከፍታ ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ300 ሜትር ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የውሃ መፍያ 1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ፋኖች የሚነሱት ከ95 ዲግሪ በላይ መሆኑን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ክዳኑ የማይዝና ባዶ ውሃ የተሞላ መኪና በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፋኑ ገና ሳይጠራ ውሃው ፈልቶ ይጠብቀዋል። ሰውየው ግን ፋን ሲቀይር፣ ራዲያተር ሲያስጠርግ ይከርማል።

መርፌዋ መንገድ ላይ ከወጣች

መጀመሪያ ኤሲውን ያጥፉ። ከዚያ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቅ አድርገው ነፋሱን ይክፈቱት። ሂተር ማለት ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ያወጣል። ላብ ያጠምቃል፣ ግን ይሠራል። መርፌዋ ቀዩን ከነካች ወይም እንፋሎት ከታየ ግን በዚህ ማታለል አይቻልም፤ ዳር ይዘው ያቁሙና ሞተሩን ያጥፉ። «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ እዚያች ድረስ ልድረስ» የምትለዋ ሐሳብ ናት የአሉሚኒየም ቴስታታን የምታጣምመው። ለዚህ ጥቂት ደቂቃ ይበቃታል።

ክዳኑን በትኩሱ መክፈት የለብዎትም። ይህን ሁሉም ሰው ሰምቶታል፤ ምክንያቱን ግን ሁሉም አይረዳውም። ውስጥ ያለው ውሃ 110 ወይም 115 ዲግሪ ሆኖ ያልፈላው ግፊቱ አፍኖት ነው። ክዳኑ በተከፈተባት ቅጽበት ግፊቱ ይጠፋና ውሃው ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ የላይኛውን ወፍራም የራዲያተር ቱቦ በጨርቅ ይዘው ጫን ይበሉት፤ እንደተነፋ ኳስ ከጠነከረ ገና ነው። ለስልሶ ሲገኝ በክዳኑ ላይ ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርገው እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ያዙሩት፤ ሲስ የሚለው ድምፅ ሲያቆም ይክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መቸለስም ሌላው ጥፋት ነው። በድንገት የተኮማተረ ብረት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ሞኖብሎክ ደግሞ እንደ ጓርኒሲዮን (በሞኖብሎኩና በቴስታታው መሃል እንዳለው ስስ ማሸጊያ) ቀይረውት የሚሄዱት ነገር አይደለም።

መርፌዋ ራሷ ልትዋሽ እንደምትችልም ማወቅ ጥሩ ነው። የሙቀት መለኪያው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ መለኪያው ባዶ ላይ ይቀራል፤ መርፌዋም ወደ ቀዝቃዛው ልትወርድ ትችላለች፤ ሞተሩ ግን በዚያው ሰዓት እየተጠበሰ ነው። ሙቀት ላይ የነበረች መርፌ ድንገት ከወደቀችና ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር መስጠት ከጀመረ «ተመስገን በረደ» አይበሉ፤ ውሃ የለም ማለት ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ መርፌዋ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ ቆማ እንድትቀር ተደርጋ የተሠራች ናት። ስለዚህ ከመሃል ትንሽ ከፍ ስትል አካሄዱ ቀደም ብሎ ተበላሽቷል ማለት ነው። ከመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ ተሰክታ ትክክለኛውን ዲግሪ በቁጥር የምታሳይ ትንሽ መሣሪያ ካለች ከመርፌዋ ይልቅ እሷን ይመኑ።

አሁን «መቼ?»

ቆሞ ወይም በመኪና መጨናነቅ ውስጥ የሚሞቅና መንገድ ሲከፈትለት የሚበርድ መኪና ችግሩ ከአየር ጋር ነው። ሲሮጥ የሚበርደው ነፋሱ የፋኑን ሥራ ስለሚሠራለት ነው። ስለዚህ ፋኑ አይነሳም፣ ወይም ይነሳል ግን ደካማ ነው፣ ወይም አየሩ የሚገባበት ተደፍኗል። ራዲያተር መቀየር እዚህ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ራዲያተሩ ቢደፈን ኖሮ ከሁሉ በላይ የሚሰቃየው ሲሮጥና ሲጭን ነበር።

ተቃራኒው ደግሞ አለ፤ ቆሞ ደህና ነው፣ በፍጥነት ሲሄድ ወይም ዳገት ሲይዝ ይሞቃል። ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ሲያቃጥል ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ የውሃው ዝውውር ያን መሸከም አቅቶታል። ውስጡ በዝገትና በኖራ የተደፈነ ራዲያተር፣ ክንፉ የተበላ ፓምፕ፣ ግማሽ ብቻ የሚከፈት ቴርሞስታት እዚህ ይጠረጠራሉ። ከማቀዝቀዣው ውጪ ያለ ምክንያትም ይኖራል፤ የሚጎትት ፍሬን፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ የተደፈነ ጭስ ማውጫ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያሠሩታል።

ከእነዚህ ሁሉ የማይታሰበውን አንዱን በራሴ መኪና ላይ ነው የተማርኩት። መኪናው ዝግ ብዬ ስነዳው ቀኑን ሙሉ ችግር የለበትም፤ ፍጥነቴ ከ100 ሲያልፍ ግን መርፌዋ ትወጣለች። ቴርሞስታት ቀየርኩ። ክዳን ቀየርኩ። ወደ ራዲያተር ልሄድ ስል አንድ ሽማግሌ መካኒክ ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነዳጅ እንድሰጥ ነገረኝና ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ቱቦ ማየት ጀመረ። «ስጥ… ስጥ… አሁን ና እይ» አለኝ። ሌላ ሰው ነዳጁን ይዞልኝ ወረድኩ። ከራዲያተሩ ታች ወደ ፓምፑ የሚሄደው ወፍራም ጎማ ዙሩ ከፍ ሲል እንደሚጠባ የፕላስቲክ ከረጢት ጎኑና ጎኑ ይጣበቃል፤ ነዳጁ ሲለቀቅ ቦግ ብሎ ይከፈታል። ያ ጎማ ውስጡ የሽቦ ስፕሪንግ ነበረው፤ ባዶ ውሃ ለዓመታት ሲሞላበት ስፕሪንጉ ዝጎ አልቋል፤ ጎማውም ለስልሷል። ፓምፑ በኃይል ሲስብ ራሱን በራሱ ያንቀዋል። ጎማው ተቀየረ፣ ነገሩ አለቀ። ስንት ወር ሙሉ «መቼ» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእጄ ነበር፤ ያዳመጠው ግን አልነበረም።

ከቀዝቃዛ ተነስቶ በአምስት ወይም በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚሞቅ መኪና ካለ ደግሞ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ውሃ የለውም፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ፓምፑ አይዞርም ወይም ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። መርፌዋ ወጣ ገባ የምትል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ጎድሎ አየር እየዞረ ነው። ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ወዲያው መልሰው ሲያስነሱ ትንሽ ከፍ ብላ ቶሎ የምትመለስ መርፌ ግን አታሳስብዎ፤ ፓምፑ ሲቆም በብረቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት ወደ ቆመው ውሃ ስለሚገባ ነው።

በእጅና በዓይን

ምርመራው በብርድ ሞተር ይጀምራል። ክዳኑን ይክፈቱ፤ ውሃው እስከ አፉ አለ ወይ? ቀለሙ ምን ይመስላል? ሻይ የመሰለ ከሆነ ውስጡ ዝጓል። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወደ ታች ወደ ጓርኒሲዮኑ ክፍል ይዝለሉ። በማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ብቻ አይፍረዱ፤ እዚያ ውሃ እያለ ራዲያተሩ ጎድሎ ሊገኝ ይችላል።

ቺንጋውን (ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ) ይዩት። ላልቶ ወይም ዘይት ነክቶት የሚንሸራተት ቺንጋ ፓምፑን በሙሉ ዙር አያዞርም። ከፓምፑ ዘንግ ስር ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የተሠራችው ውስጥ ያለው ማሸጊያ ሲበላ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ሳይገባ ወደ ውጭ እንዲንጠባጠብ ነው። ከዚያች ቀዳዳ ወደ ታች የወረደ ደረቅ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት ካዩ ፓምፑ ዕድሜውን ጨርሷል፤ አሁን እርጥብ ባይሆንም እንኳ። የፓምፑን ፑሊ ይዘው ወዝወዝ ያድርጉት፤ ከተንቀጫቀጨ ያው ነው።

አሁን ያስነሱትና ሁለቱን ወፍራም ቱቦዎች ከፋኑ እየተጠነቀቁ በየጊዜው ይዳስሱ። ጤነኛ ሞተር ላይ የላይኛው ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ቴርሞስታቱ ሲከፈት ባንድ ጊዜ ይግላል፤ ቀጥሎ የታችኛው ሞቅ ይላል። መርፌዋ እየወጣች የላይኛው ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ በሩ አልተከፈተም ወይም ውሃው አይዞርም። የላይኛው የሚያቃጥል፣ የታችኛው ደግሞ የቀዘቀዘ ከሆነ ውሃው ራዲያተሩን አላለፈም። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ያለው በታችኛው ቱቦ በኩል ስለሆነ በእነዚያ ላይ ይህ ምልክት ቴርሞስታቱንም ሊከስስ ይችላል። በጨረር ሙቀት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ካለችዎ የራዲያተሩን ፊት ከዳር እስከ ዳር ይለኩት፤ በሞቀ ራዲያተር መሃል እንደ ደሴት የቀዘቀዘ ቦታ ከተገኘ እዚያ ውስጥ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል።

የውጪ ድፍነት ከውስጡ ይልቅ ያታልላል። ፊት ለፊት ያለው የኤሲ ራዲያተር ነው፤ የሞተሩ ከኋላው ተደብቋል። በሁለቱ መሃል አቧራ፣ ላባና ነፍሳት ተጠቅጥቀው እንደ ብርድ ልብስ ሲያፍኑት ከፊት የሚያየው ሰው «ንጹሕ ነው» ይላል። ሲታጠብ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በዝግታ ውሃ ይሁን፤ የግፊት ማጠቢያ ስሶቹን ቅጠሎች ያስተኛቸዋል።

ፋኑ

የኤሌክትሪክ ፋን ካለዎት ኤሲውን ያብሩት፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ፋኑ ወዲያው መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዙን፣ ከዚያ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ) ይዩ፤ ሪሌውን እዚያው ሳጥን ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ማቀያየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቀጥሎ የፋኑን ሶኬት ነቅሎ የፋኑን ሞተር በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት። ከዞረ ችግሩ ሽቦ፣ ሪሌ ወይም የሙቀት መለኪያው ነው፤ ካልዞረ ፋኑ ሞቷል። በጣት ወይም በዱላ ሲነኩት ብቻ የሚነሳ ፋን ካርቦኑ አልቋል፤ ዛሬ ቢነሳም አይመኑት።

በቺንጋ የሚዞረው ዓይነት ከሆነ መሃሉ ላይ በሲሊኮን ዘይት የሚይዝ ክላች አለው። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ሲያዞሩት መጠነኛ ክብደት ሊኖረው ይገባል። እንደ አሻንጉሊት ብዙ ዙር የሚሽከረከር ከሆነ ዘይቱ ወጥቷል።

ደግሞ አንድ የጋራዥ በሽታ አለ። በራዲያተሩና በፋኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ መከለያ ለሌላ ሥራ ይፈታና «አያስፈልግም» ተብሎ ሳይመለስ ይቀራል። ያለ እሱ ፋኑ የራዲያተሩን አየር በመሳብ ፈንታ ከጎኑ ያለውን የሞቀ አየር መልሶ መላልሶ ያማስላል። ተቀይሮ የገባ ፋን ሽቦው ተገልብጦ ወደ መኪናው ፊት የሚነፍስበትም ጊዜ አለ። ራዲያተሩ ፊት ቁራጭ ወረቀት ያስጠጉ፤ ተስቦ መለጠፍ አለበት። ወደ እርስዎ ከተገፋ ፋኑ ከነፋሱ ጋር እየተጣላ ነው።

ቴርሞስታትን ነቅሎ መጣል

ይህ ልማድ እንዴት እንደተስፋፋ አይገባኝም ለማለት ይከብደኛል፤ አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ሙቀቱን ስለሚያወርድ ነው። ተዘግቶ የቀረ በር ሲነቀል ውሃው ያልፋል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ግን ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ኮምፒውተሩም «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፤ የተረፈው ነዳጅ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የሚገርመው ደግሞ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ መንቀሉ ራሱ ሙቀት ያመጣል። እነዚህ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተሩ ሲከፍት በሌላኛው ጫፉ ያንን አጭር መንገድ ይዘጋል። ካልኖረ አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። «ውሃው በፍጥነት ስለሚሄድ ለመብረድ ጊዜ አያገኝም» የሚለው የጋራዥ ማብራሪያ ትክክል አይደለም፤ ፈጣን ዝውውር ሙቀትን በተሻለ ይወስዳል። ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው።

መሞከሩ ቀላል ነው። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ይልቀቁት፤ የድስቱን ታች እንዳይነካ። ቴርሞሜትር ይጨምሩና ውሃውን ያሙቁ። አካሉ ላይ በተቀረጸው ዲግሪ አካባቢ ከንፈሩ ፈልቀቅ ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ 10 ወይም 15 ዲግሪ ሲሄድ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ውሃው ከተቀረጸው ዲግሪ በደንብ አልፎ ዝም ካለ መጣያው እዚያው ነው። አዲሱም ቢሆን ሳይገጠም በዚሁ ድስት ቢፈተን አይከፋም። ሲገጠም ደግሞ ጠርዙ ላይ የምትንቀጫቀጭ ትንሽ ሚስማር ካለች ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚያመልጠው በእሷ ነው።

ውሃው የት ይሄዳል?

የተዘጋ ሥርዓት ውሃ አይጠጣም። በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ ወይ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ወይ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ሦስተኛ ቦታ የለውም። ይህን የሚለየው በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚገጠም ግፊት መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። በብርድ ሞተር ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ይነፋል፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። ቀስቱ ካልወረደ ሥርዓቱ ግፊቱን ይዟል ማለት ነው። ከወረደ በባትሪ መብራት ቱቦዎቹን፣ ማሰሪያዎቹን፣ የራዲያተሩን የፕላስቲክ ጎኖች፣ ፓምፑን፣ በተሳፋሪው እግር ስር ያለውን ምንጣፍ ሳይቀር መዳሰስ ነው፤ የሂተሩ ራዲያተር የሚያፈስሰው እዚያ ነው። ግፊቱ እየወረደ በውጭ ጠብታ ካልተገኘ ጥርጣሬው ወደ ውስጥ ይዞራል።

ጓርኒሲዮኑ በሞኖብሎኩና በቴስታታው መሃል ያለ ስስ ንጣፍ ነው፤ የእሳቱን ግፊት፣ ውሃውንና ዘይቱን እንዳይደባለቁ የሚለያየው እሱ ነው። ሲቃጠል ምልክቱ እንደተቃጠለበት ቦታ ይለያያል። ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከማርሚታው ይወጣል፤ ካንዴላው ሲነቀል ከሌሎቹ ይልቅ እንደታጠበ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ውሃና ዘይት ከተገናኙ በዘይት መለኪያው ላይ ወተት ያለው ቡና የመሰለ አረፋ ይታያል። በዘይት ክዳኑ ስር ብቻ ያለች ጥቂት አረፋ ግን አጭር ጉዞ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት ልትመጣ ስለምትችል ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም።

ከሁሉ ቀድማ የምትታየዋ ምልክት ግን በጠዋት ናት። ሞተሩ አድሮ የበረደ እንደሆነ ክዳኑን ከፍተው ያስነሱትና ውሃውን ይመልከቱ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ መውጣቱ የታመቀ አየር ሊሆን ይችላል። ሳያቋርጥ እንደሚፈላ ድስት ቡልቅ ቡልቅ ካለና ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ከባሰበት የሲሊንደር ጋዝ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ቢሆን ደግሞ የላይኛው ቱቦ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ገና ሳይሞቅ ይጠነክራል፤ ሳይሞቅ የመጣ ግፊት ከሙቀት አልመጣም። ማረጋገጫው በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መሞከሪያ ነው፤ ከውስጥ የሚወጣው አየር የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ለማውረድ ከመወሰን በፊት ይህ ሙከራ ይደረግ፤ ርካሽ ነው፣ አከራካሪም አይደለም።

ከወረደ በኋላ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መልሶ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው። ቴስታታው ፊት ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በሰያፍና በቁመት ይደረግና ከስሩ ስስ የመለኪያ ቅጠል ይሞከራል፤ ለብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ መላግ አለበት። ስንጥቅ ይኖረው እንደሆነም በግፊት ይፈተናል። ብሎኖቹ በብዙ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ሲጠብቁ በልክ እንዲለጠጡ የተሠሩ ስለሆኑ አንዴ ከተፈቱ አይደገሙም፤ አጠባበቃቸውም ከመሃል ወደ ዳር፣ በአምራቹ ቅደም ተከተልና በቶርክ ቁልፍ ነው። ከዚህም በላይ ጓርኒሲዮን ብዙውን ጊዜ ራሱ በዳይ አይደለም፤ ተበዳይ ነው። ለዚህ ያበቃው የሞተ ፋን ወይም የተደፈነ ራዲያተር እንዳለ ከተተወ አዲሱም ጓርኒሲዮን ያንኑ መንገድ ይሄዳል።

ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው የማሸጊያ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ላይ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ቀዳዳውንና ጠባቡን ቱቦ ለይቶ አያውቅም፤ የሂተሩንም የራዲያተሩንም ቀጫጭን ቱቦዎች ይዞ ይቀመጣል። ከማይደረስበት ቦታ ቤት ለመድረስ ካልሆነ አልጨምረውም።

መልሶ መሙላት

ምንም ይጠገን ምን፣ በመጨረሻ ውሃው ይሞላል፤ ጥሩ ጥገና የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የሚሞላው ግማሽ ኩላንትና ግማሽ የተጣራ ውሃ ነው። ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ ነው የሚባለው ስህተት ነው፤ መፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትን ይከላከላል፣ የፓምፑን ማሸጊያ እንዳይፋተግ ይቀባዋል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ በማንቆርቆሪያ ታች የምናየውን ነጭ ድንጋይ ራዲያተሩ ውስጥ ይጋግራል። አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ የሚለው ቀለም የፋብሪካ ምርጫ ነው እንጂ የዓይነቱ ማረጋገጫ አይደለም፤ የመኪናውን መጽሐፍ አይተው የተባለውን ይግዙ፣ የማይስማሙ ዓይነቶች ሲደባለቁ እንደ ጄሊ ይረጋሉና። የፈሰሰውን ሜዳ ላይ አይተዉት፤ ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፣ ሕፃንና ውሻ ይቀምሱታል።

አየሩን ለማስወጣት የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ከፍ ይበል። ሂተሩ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ይሁን፤ ቱቦዎቹ ላይ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለ ይላላ። ክዳኑን ሳይዘጉ በቀስታ ይሙሉና ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ) ያስነሱት። ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ ውሃው ዝም ይላል፤ ከዚያ አፉ ላይ ድንገት ጎድሎ ይታያል፣ አረፋም ይወጣል። ይጨምሩ፤ እንደገና ይጎድላል፤ ይጨምሩ። ሂተሩ ያለማቋረጥ ትኩስ ሲነፍስና አረፋው ሲቆም ክዳኑን ይዝጉ። ከዚያም ፋኑ በራሱ ተነስቶ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ አይሂዱ፤ ሁለት ጊዜ ሲነሳና ሲጠፋ ካዩት የበለጠ ጥሩ ነው።

ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ በማጠራቀሚያው ላይ ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ያስምሩ። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ቢወርድ የቀረች አየር ናት፤ ይሙሉና መስመሩን ያድሱ። በሳምንቱ መስመሩ እንዳለ ከሆነ ጀሪካኑን ከመኪናው ማውረድ ይችላሉ። ከወረደ ደግሞ ምን ያህል፣ በስንት ቀን፣ ከየትኛው ጉዞ በኋላ እንደሆነ ይጻፉና ወረቀቱን ይዘው ግፊት መለኪያው ወዳለበት ይመለሱ።